ባለ አራት ማዕዘን ዌቭጋይድ ከኢሊፕስ ዌቭጋይድ ጋር ሲገናኝ፦ ኃይሉ ይጠበቃል፣ መልሱ ግን አይረጋም

ሕሊና፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ባለ አራት ማዕዘን ዌቭጋይድ (የማይክሮዌቭ ሞገድ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ) ከኢሊፕስ ዌቭጋይድ ጋር ፊት ለፊት ሲገጠም ሞገዱ እንዴት እንደሚበተን ማስላት ነው። በመካከላቸው ሾጣጣ መሸጋገሪያም ሆነ ደረጃ የለም፤ ሁለት ቱቦዎች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። አራት ማዕዘኑ የታወቀው ደብልዩአር-90 ነው፤ ውስጡ 22.86 በ10.16 ሚሊሜትር። ኢሊፕሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ረጅሙ ዘንግ 25፣ አጭሩ 15 ሚሊሜትር። መሃላቸው አንድ ላይ ይውላል፤ ረጃጅም ጎኖቻቸውም ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው። ከአራት ማዕዘኑ በኩል የቲኢ10 ሞድ፣ ማለትም የቱቦውን ዋና የመስክ ቅርጽ፣ እልካለሁ፤ የምፈልገው ከ8.2 እስከ 12.4 ጊጋኸርዝ ያለውን ኤስ11 (የሚመለሰውን) እና ኤስ21 (የሚያልፈውን) ነው።

የምሠራው በሞድ ማቺንግ ዘዴ ነው። በግራ በኩል ያለውን መስክ በሳይንና ኮሳይን፣ በቀኝ በኩል ያለውን በማትዩ ፈንክሽኖች (ለኢሊፕስ እንደ ሳይንና ኮሳይን በሚያገለግሉት) እዘረዝራለሁ። ከዚያ በመገናኛው ገጽ ላይ የኤሌክትሪክም የመግነጢስም መስክ እኩል እንዲሆን አስገድዳለሁ። የግራና የቀኝ ሞዶችን የሚያዛምዱትን የመደራረብ ኢንቲግራሎች የማሰላው በአራት ማዕዘኑ ስፋት ላይ ነው። ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ የማትዩ ፈንክሽኖቹን የምወስደው ሳይፓይ ከተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ነው። በሁለቱም በኩል እኩል ቁጥር ያላቸው ሞዶች አስገባለሁ።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። የተመለሰውና ያለፈው ኃይል ሲደመር በየድግግሞሹ አንድ ይሆናል፤ ስህተቱ ከአሥራ ሁለተኛው አሃዝ በታች ነው። የብተና ማትሪክሱም (የኤስ ቁጥሮቹ ሰንጠረዥ) ሲሜትሪክ ነው። ኤስ11 ግን የሞዶቹን ቁጥር በጨመርኩ ቁጥር ይዋልላል፤ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል፣ ወደ አንድ ቦታ አይጠጋም። አማካሪዬ «ኃይሉ ከተጠበቀ ቀመሩ ትክክል ነው፤ ሞድ ጨምሪበት» ይሉኛል። ጨመርኩ፤ ባሰበት። የንግድ ሶፍትዌር ፈቃድ የለኝም። የት ልመልከት?

ሰለሞን፦

እህቴ፣ በዚህ ዘመን ማትዩ ፈንክሽን ይዞ መታገል ለምን አስፈለገ? ኤችኤፍኤስኤስ ወይም ሲኤስቲ የሚባለው የንግድ ሶፍትዌር ያለው ሰው ፈልጊና ሞዴሉን ሣሪለት፤ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ መልሱ ይወጣል። ፈቃድ ካልተገኘ ኦፕንኢኤምኤስ በነጻ ይገኛል። እርሱ ግን ቦታውን በቀጥ ያሉ ትንንሽ ሣጥኖች ስለሚከፋፍል የኢሊፕሱ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ይሆንብሻል፤ መረቡን ማድቀቅ ይኖርብሻል።

አሮጌው ሬዲዮ፦

ሕሊና፣ ልኬቱን በሚሊሜትር ጽፎ የሚጠይቅ ሰው በዚህ ቦታ ብርቅ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ። ሰለሞን፣ አንተም አልተሳሳትህም፤ ነገር ግን ልጅቷ የጠየቀችው መልሱን ከየት ልግዛ ብላ አይደለም።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጊና ወረቀትና እርሳስ አንሺ። የአራት ማዕዘንሽ አንድ ማዕዘን ከመሃሉ በአግድም 11.43፣ በቁም 5.08 ሚሊሜትር ይርቃል። የኢሊፕስሽ ግማሽ ዘንጎች 12.5 እና 7.5 ናቸው። 11.43ን ለ12.5 አካፍለሽ ራሱን በራሱ አባዢው፤ 0.836 ይሆናል። 5.08ን ለ7.5 አካፍለሽ እንዲሁ አድርጊ፤ 0.459 ይሆናል። ድምሩ 1.295 ነው። ከአንድ በለጠ፤ ስለዚህ አራቱም ማዕዘኖች ከኢሊፕሱ ውጭ ናቸው። ኢሊፕሱ ደግሞ ከላይና ከታች እስከ 7.5 ስለሚደርስ ከአራት ማዕዘኑ ያልፋል፤ በግራና በቀኝም 12.5 ከ11.43 ይበልጣል። አንዳቸውም በሌላው ውስጥ አይገቡም! በመማሪያ መጻሕፍት ያለው የሞድ ማቺንግ ቀመር ግን ትንሹ ቱቦ ሙሉ በሙሉ በትልቁ ውስጥ ያርፋል ብሎ የተነሣ ነው።

አሁን ኢንቲግራሉን በአራት ማዕዘኑ ላይ ስታሰሊ ምን እንደሚሆን አስቢ። በአራቱ ማዕዘኖች አካባቢ ያለው ቦታ በኢሊፕሱ በኩል ጠጣር ብረት ነው፤ በዚያ መስክ የለም። የማትዩ ፈንክሽን ግን ይህን አያውቅም። ከወሰኑ አልፈሽ ብትጠይቂውም ሳያፍር ቁጥር ይሰጥሻል። አንቺም ያንን የሌለ መስክ ደምረሽ ማትሪክስሽን ሞላሽ። ሞድ ስትጨምሪ ከብረቱ ውስጥ የሚመጣው ውሸት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የሚዋልለው ለዚህ ነው።

ኃይሉ እንዴት ተጠበቀ ትዪ ይሆናል። ቀመርሽን እንደገና ጻፊው። የኤሌክትሪክ መስኩ ሲዛመድ የቀኙ ቮልቴጆች ከግራዎቹ የሚገኙት በአንድ ማትሪክስ ነው። የመግነጢስ መስኩ ሲዛመድ ደግሞ የግራው ከረንቶች ከቀኞቹ የሚገኙት በዚያው ማትሪክስ ትራንስፖዝ ነው። ቮልቴጅን በከረንት ስታባዢ ሁለቱ ወገኖች በአልጀብራ ብቻ እኩል ይወጣሉ። በማትሪክሱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ትክክል ይሁኑ አይሁኑ የሚጠይቅ የለም። ካላመንሽኝ ማትሪክሱን ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ በሚያወጣቸው ቁጥሮች ሙይው፤ ሪል ቁጥሮች ይሁኑ ብቻ። ኃይሉ እንደገና እስከ አሥራ ሁለተኛው አሃዝ አንድ ይሆናል፤ ሲሜትሪውም አይጠፋም። አማካሪሽን በአክብሮት ይህንን አሳያቸው። የኃይል ሚዛን የማይገጥም ከሆነ ፕሮግራሙ በእርግጥ ስህተት አለበት፤ ሲገጥም ግን ስለ ጂኦሜትሪው ምንም አልነገረሽም።

መውጫው ሁለት ነው። ቀላሉን መጀመሪያ። ኢሊፕሱን አሳድጊው፤ 30 በ18 ሚሊሜትር አድርጊው። ያው ማዕዘን አሁን 0.581 ሲደመር 0.319፣ ማለትም 0.90 ይሰጣል፤ አራት ማዕዘኑ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ገባ። የጻፍሽው ፕሮግራም ሳይለወጥ በዚህ ላይ መርጋት አለበት። በዚህም ካልረጋ ሌላ ስህተት አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ልኬት የግድ ከፈለግሽ መስኮት ያስፈልግሻል። የሁለቱ ቅርጾች የጋራ ቦታ፣ አራት ማዕዘኖቹ የተከረከሙት ያ ቅርጽ፣ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ሦስተኛ ቱቦ ነው ብለሽ ውሰጂው። ከአራት ማዕዘኑ ወደ መስኮቱ አንድ እርምጃ፣ ከመስኮቱ ወደ ኢሊፕሱ ሌላ እርምጃ። በሁለቱም እርምጃ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ስላለ ቀመሩ ይሠራል። የመስኮቱን ሞዶች ግን በሳይንም በማትዩም አታገኚያቸውም፤ በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍለሽ በፋይናይት ኤለመንት መፍታት አለብሽ። የኢሊፕሱንም ሞዶች በዚያው ብትፈቺ አልቃወምም። እኔ ማትዩን የምወደው ለማመሳከሪያ ነው።

ስለ ማመሳከሪያ ካነሣሁ አይቀር፣ የካትኦፍ ድግግሞሾቹን፣ ሞዱ ከእነርሱ በታች የማያልፍባቸውን፣ አውጥተሽ አይተሻል? የኢሊፕስ ዋናው ሞድ፣ የኮሳይን ዓይነቱ ቲኢ11፣ አስገራሚ ጠባይ አለው። የካትኦፍ የሞገድ ቁጥሩ በረጅሙ ግማሽ ዘንግ ሲባዛ በክብ ቱቦ 1.841 ነው። ኢሊፕሱን እየጨፈለቅሽ እስከ መጨረሻው ብትሄጂ የሚደርሰው 1.887 አካባቢ ብቻ ነው። ረጅሙን ዘንግ እስካልነካሽ ድረስ ካትኦፉ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። በ1970 ክሬችማር የሚባል ሰው ለዚህ ሞድ ቀላል የፖሊኖሚያል ቀመር አትሞ ነበር። በርሱ ስሠራው ያንቺ 25 በ15 ኢሊፕስ 7.13 ጊጋኸርዝ ይሰጣል። የደብልዩአር-90 ካትኦፍ 6.557 ነው። ፕሮግራምሽ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ካላወጣ ወደ ኤስ11 አትሂጂ።

ከእነዚህ ቁጥሮች የመልሱን መልክ አስቀድመሽ መገመት ትችያለሽ። በ10 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት በአራት ማዕዘኑ ውስጥ 39.7 ሚሊሜትር፣ በኢሊፕሱ ውስጥ 42.8 ነው፤ ተቀራራቢ ናቸው። በ8.2 ግን 60.9 እና 74 ይሆናሉ። የደብልዩአር-90 መደበኛ ክልል የሚጀምረው ከካትኦፉ 1.25 እጥፍ ላይ ነው፤ ያንቺ ኢሊፕስ በዚያው ድግግሞሽ ከካትኦፉ 1.15 እጥፍ ላይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በክልሉ ታችኛው ጫፍ ነጸብራቁ ቢበረታ አትደንግጪ፤ የማያሳይ ከሆነ ነው የሚያስደነግጠው።

ሦስት ነገሮች ልጨምር። በኢሊፕስ እያንዳንዱ ሞድ የራሱ የሆነ ኪው፣ ማለትም ከካትኦፉ የሚመጣ የማትዩ ፈንክሽን መለኪያ፣ አለው። በክብ ቱቦ የለመድነው፣ በማዕዘን በኩል ያለው ኮሳይን ለሁሉም ሞድ አንድ ዓይነት የሆነበት ምቾት እዚህ የለም። ኪውን አንድ ጊዜ አውጥተሽ ለሁሉም ተጠቅመሽ ከሆነ ሞዶችሽ እርስ በርሳቸው ኦርቶጎናል አይሆኑም (የሁለት የተለያዩ ሞዶች ብዜት ኢንቲግራል ዜሮ አይወጣም)። ይህን ከመገናኛው በፊት ለብቻው ፈትሺው።

ሁለተኛ፣ አጠቃላይ ቅርጹ በአግድምም በቁምም ሲሜትሪክ ነው፤ ቲኢ10 ደግሞ የራሱ ሲሜትሪ አለው። ከአራት ማዕዘኑ ሞዶች የሚነሡት የመጀመሪያው ቁጥራቸው ጎዶሎ፣ ሁለተኛው ተጋማሽ የሆኑት ብቻ ናቸው። ከኢሊፕሱ ደግሞ በቲኢ (በቱቦው ርዝመት የኤሌክትሪክ መስክ በሌላቸው) በኩል የኮሳይን ዓይነት፣ በቲኤም (በቱቦው ርዝመት የመግነጢስ መስክ በሌላቸው) በኩል የሳይን ዓይነት፣ ሁለቱም በጎዶሎ ቁጥር። ሌሎቹን ከማትሪክሱ አውጪያቸው፤ ሥራሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። በሩብ ቅርጽ ላይ በፋይናይት ኤለመንት ከሠራሽም አግድሙ መስመር የኤሌክትሪክ ግድግዳ፣ ቁሙ መስመር የመግነጢስ ግድግዳ ይሆናል።

ሦስተኛው ያ «እኩል ቁጥር» ያልሽው ነው። ሰፊው ቱቦ ከጠባቡ የበለጡ ሞዶች ያስፈልጉታል። በቁጥር ሳይሆን በጣሪያ ምረጪ፤ አንድ የካትኦፍ ጣሪያ ወስነሽ በሁለቱም በኩል ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ አስገቢ። ምክንያቱ ከብረቱ ጠርዝ ላይ ነው። በዘጠና ዲግሪ በሚታጠፍ የብረት ጫፍ አጠገብ የኤሌክትሪክ መስኩ ከጫፉ ርቀት ኪዩብ ሩት ጋር በተገላቢጦሽ እያደገ ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። የሞዶቹ ምጥጥን ሲዛባ ድምሩ ይህን ጠባይ ይስታል፤ የከፋው ነገር ደግሞ ረግቶ ወደ ተሳሳተ ቁጥር ሊሄድ መቻሉ ነው። ሚትራ ይህን ጉዳይ ያነሣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እስከ ዛሬ ሰው ይወድቅበታል።

ማትዩ ራሱ ዌቭጋይድ አይቶ አያውቅም። በ1868 ፈንክሽኖቹን ያወጣቸው የኢሊፕስ ቅርጽ ያለው የከበሮ ቆዳ እንዴት እንደሚርገበገብ ሲያጠና ነው። ሬይሊ በ1897 ስለ አራት ማዕዘንና ስለ ክብ ቱቦ ጻፈ፤ ኢሊፕሱን ቹ በ1938 እስኪያነሣው ድረስ የተጠበቀው ቀላል ስላልሆነ ነው። አንቺም ከበድ ቢልሽ አይፈረድብሽም።

ማማ ላይ፦

የሒሳቡን ነገር ለጋሼ ትቼ ከሥራው በኩል አንድ ነገር ልበል። እኔ የማይክሮዌቭ ሊንክ ገጣሚ ነኝ፤ ኢሊፕስ ዌቭጋይድን በትከሻዬ ተሸክሜ ማማ ላይ አውጥቼዋለሁ። ከመሣሪያ ክፍሉ እስከ አንቴናው ድረስ በአንድ ቁራጭ ስለሚሄድ ነው የሚመረጠው፤ አራት ማዕዘኑን በየጥቂት ሜትሩ በብሎን እየገጣጠሙ መውጣት ያሰለቻል፣ በየመገጣጠሚያውም ውሃ ይገባል። ክቡ ቱቦ ደግሞ ሞገዱ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደቆመ አይዝልህም፤ ትንሽ ሲጎብጥ ፖላራይዜሽኑ ይዞራል። ኢሊፕሱ ግን አጥብቆ ይይዘዋል።

ነገር ግን እኛ የምንሰቅለው ቱቦ ግድግዳው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸነሸነ መዳብ ነው፤ እንዲተጣጠፍ ተብሎ። በካታሎጉ ላይ የሚጻፈው ካትኦፍ ለዚያ ለተሸነሸነው ነው። ሕሊና የምታሰላው ለስላሳ ግድግዳ ያለውን ስለሆነ የካታሎግ ቁጥር አምጥታ ብታወዳድር ትንሽ ይለያይባታል፤ በዚያ ምክንያት ፕሮግራሟን እንዳትጥል። በጥቅልሉ ላይ ሁለት ዓይነት የመታጠፊያ ልክ መጻፉንም ልብ በሉ። በአጭሩ ዘንግ በኩል ጠበቅ አድርጎ ማጠፍ ይፈቀዳል፣ በረጅሙ በኩል ግን ሰፊ ክብ ይፈልጋል። መጠምዘዝማ በየሜትሩ የተወሰነ ዲግሪ ብቻ ነው።

ከኢሊፕስ ወደ አራት ማዕዘን የሚያሸጋግረው ማገናኛ ደግሞ እንደዚህ ፊት ለፊት የሚጋጭ አይደለም፤ ቀስ በቀስ ወይም በደረጃ ቅርጹን ይለውጣል። ፊት ለፊት የሚጋጨውን ማንም አይሸጥም።

ሕሊና፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዘፈቀደ ቁጥሩን ሞከርኩት። እውነትም ኃይሉ አንድ ሆነ፤ ኤስ11 ግን ምንም ትርጉም የሌለው ነገር ነበር። ለአማካሪዬም አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው ተመለከቱና «ይህ በምዕራፍ ሦስት ይግባ» አሉኝ።

የአራት ማዕዘኑ ካትኦፍ 6.557 ወጣልኝ። የኢሊፕሱ ግን አልወጣም፤ በወሰኑ ላይ የራዲያሉ (ከመሃል ወደ ግድግዳው የሚሄደው) ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ ዜሮ የሚሆንበትን ኪው እየፈለግሁ ነው፤ እርሱ ደህና ይመስላል። የሞዶቹን ኦርቶጎናሊቲ ስፈትሽ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ኪውን ለየሞዱ ለየብቻ ነው የማወጣው። ወሰኑንም የወሰድኩት የአጭሩና የረጅሙ ዘንግ ምጥጥን፣ 0.6፣ ኢንቨርስ ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ነው።

ማማ ላይ፣ የእርስዎን ነጥብ በመግቢያው ላይ እጠቀምበታለሁ። ለስላሳ ግድግዳ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ መጀመሪያ ትክክለኛ መልስ ሊኖረው የሚችለውን ነገር ልጨርስ ብዬ።

ሰለሞን፦

ይሄኛው የኔ ሜዳ ነው። ሕሊና፣ የሳይፓይን ማብራሪያ ገጽ ክፈቺ። የማዕዘኑን ማትዩ ፈንክሽን የሚያሰሉት ሁለቱ፣ የኮሳይንና የሳይን ዓይነቱ፣ ማዕዘኑን የሚቀበሉት በዲግሪ እንጂ በራዲያን አይደለም። የራዲያሎቹ ግን የሚቀበሉት ተራውን ቁጥር ነው። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ልማድ! ኢንቲግራሉን ከዜሮ እስከ ሁለት ፓይ ስትወስጂ ፈንክሽኑ ያየው ስድስት ዲግሪ ብቻ ነው። ማዕዘኑን በ180 አባዝተሽ ለፓይ አካፍይ። ለከፍተኛ ሞዶች ኪው ሲበዛ ደግሞ ውጤቱን በሌላ መንገድ አመሳክሪ፤ ለምሳሌ የፉሪየር ኮኢፊሸንቶቹን ራስሽ ከትራይዳያጎናል ማትሪክስ አውጥተሽ።

ጋሼ፣ ማትዩን በሻይ ስለለወጥኩ ይቅርታ።

ሕሊና፦

ዲግሪው ነበር! ኦርቶጎናሊቲው ገጠመ። የካትኦፉም ችግር ሌላ አልነበረም፤ ከኪው ወደ ሞገድ ቁጥሩ ስመለስ በሁለቱ ፎከሶች መካከል ያለውን ርቀት በሙሉ አስገብቼ ነበር፤ ግማሹ፣ 10 ሚሊሜትሩ፣ መግባት ነበረበት። አሁን 7.13 ይሰጠኛል። 30 በ18 ያለውን ደግሞ 5.94 ይለዋል። ዛሬ ማታ ይህንን ትልቁን ኢሊፕስ በጣሪያው ዘዴ አስሮጣለሁ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማማ ላይ እንዳሉት እውነተኛው ማገናኛ በብዙ ደረጃ ከሆነ የየደረጃውን ማትሪክስ እንዴት ነው የማያይዘው? ወደ ትራንስሚሽን ማትሪክስ (የአንዱን ወገን ሞገዶች ከሌላው ወገን በቀጥታ ወደሚያወጣው) ለውጬ ማባዛት ይሻላል?

አሮጌው ሬዲዮ፦

አይሻልም፤ ተጠንቀቂ። ከካትኦፍ በታች ያሉ ሞዶች በአንድ አቅጣጫ ሲሞቱ በሌላው አቅጣጫ በኤክስፖኔንሻል ይፈነዳሉ። ትራንስሚሽን ማትሪክስ ሁለቱንም በአንድ ላይ ስለሚይዝ ጥቂት ሞዶች ብቻ እንዳስገባሽ አሃዞቹ ይበላሻሉ። በብተና ማትሪክስ ቋንቋ ቆዪ፤ ሁለት ማትሪክሶችን የሚያያይዝ የሬድሄፈር ስታር ፕሮዳክት የሚባል አለ፤ በርሱ ውስጥ የሚገቡት እየሞቱ የሚሄዱት ኤክስፖኔንሻሎች ብቻ ናቸው። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት አጭር ከሆነ የሚሞቱትን ሞዶች ከመጀመሪያው አትጣያቸው፤ ሳይሞቱ ቀጣዩን ደረጃ ይደርሱበታል። የምትጥያቸው መጨረሻ ላይ፣ ኤስ11ን ስታነቢ ነው።

ዛሬ ማታ ደግሞ ከ8.2 አትጀምሪ፤ ከ6.6 ጀምሪ። ትልቁ ኢሊፕስ በዚያ ክፍት ነው፣ አራት ማዕዘኑ ግን ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ወደ 6.557 በተጠጋሽ ቁጥር የአራት ማዕዘኑ የቲኢ ኢምፒዳንስ ወደ ኢንፊኒቲ ስለሚሄድ የኤስ11 መጠን ወደ አንድ መውጣት አለበት። ካልወጣ ግራፉን ከመለጠፍሽ በፊት የኢንቲግራሎችሽን ኖርማላይዜሽን ተመልከቺ።